የኦክታቭ ሀሁ

ላፕቶፓችሁን ክፈቱና ከጎኑ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀምጡ። ወረቀቱ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ። ዛሬ የምንጀምረው ኦክታቭ ከሚባለው የቁጥር ስሌት ፕሮግራም ጋር ነው። ካልኩሌተር መነካካት ከቻላችሁና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ጨርሶ ካልጠፋባችሁ፣ ሌላ የምጠይቃችሁ ነገር የለም።

ስሙን የሰማ ሁሉ ከሙዚቃ ጋር ያያይዘዋል። አይገናኝም፤ የሰው ስም ነው። ኦክታቭ ሌቨንስፒል በአሜሪካ ኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምህንድስና ፕሮፌሰር ነበሩ። የፕሮግራሙ ዋና ጸሐፊ ጆን ኢተን ደግሞ ተማሪያቸው ነበር። ሰውዬው ከጻፉት ታዋቂ መማሪያ መጽሐፍ ሌላ የሚታወቁበት አንድ ችሎታ ነበራቸው፤ ያገኙት ብጣሽ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርገው ለከባድ ጥያቄ ግምታዊ መልስ በፍጥነት ያወጡ ነበር። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም በወረቀት ገማች ስም መጠራቱ እኔን ሁልጊዜ ያስደስተኛል። ወረቀት አምጡ ያልኳችሁም ለዚሁ ነው፤ ኢንተርን ከመጫናችሁ በፊት መልሱ ስንት አካባቢ እንደሚሆን ትጽፉበታላችሁ።

ታሪኩን ባጭሩ ልጨርስ። ሐሳቡ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ጄምስ ሮውሊንግስና ጆን ኤከርት የሚባሉ ሁለት ፕሮፌሰሮች ስለ ኬሚካል ሪአክተር ንድፍ መማሪያ መጽሐፍ ሲያዘጋጁ፣ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ የሚሄድ ፕሮግራም ፈለጉ። ተማሪዎቻቸው ፎርትራን በሚባለው ቋንቋ ፕሮግራም እየጻፉ፣ ኬሚካል ምህንድስናውን ትተው ስህተት ሲያድኑ ይውሉ ነበርና። ኢተን በ1992 ሥራውን በሙሉ ጊዜው ያዘው፤ የመጀመሪያው የሙከራ እትም በጥር 1993፣ እትም 1.0 ደግሞ በየካቲት 1994 ወጣ። ቀደም ብሎ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ክሊቭ ሞለር የሚባል የሒሳብ ሊቅ ተማሪዎቹን ከዚያው ከፎርትራን ለማዳን ማትላብን ጽፎ ነበር። ዛሬ ማትላብ በገንዘብ የሚሸጥ ትልቅ ምርት ነው። ኦክታቭ የሚናገረው ቋንቋ ከማትላብ ጋር በአብዛኛው አንድ ነው፤ ዋጋው ግን ዜሮ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ማትላብ ፊት ቢያስቀምጧችሁ እዚህ የተማራችሁት አይባክንም።

አውርዱት። ጥቂት መቶ ሜጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ አትሞክሩት፤ ደህና ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሂዱ። ከእናንተ አንዱ ካወረደው በፍላሽ ለጓደኞቹ ያድል። ይህ ስርቆት አይደለም፤ የፕሮግራሙ ፈቃድ ራሱ ገልብጣችሁ እንድትሰጡ ይፈቅዳል። በየሱቁ ከቫይረሱ ጋር የሚሸጠውን ክራክ ከመለመን ይህ ይሻላል። ላፕቶፕ የሌለው በስልኩ አሳሽ ኦክታቭ ኦንላይን በሚባለው አገልግሎት ሊለማመድ ይችላል።

ሲከፈት ብዙ መስኮቶች ታያላችሁ። አትደንግጡ። ለዛሬ የሚያስፈልገን አንዱ ብቻ ነው፤ >> የሚል ምልክት ይዞ የሚጠብቃችሁ የትእዛዝ መስኮት። ምልክቱ «እሺ፣ ምን ልታዘዝ?» እንደማለት ነው።

ኪቦርዳችሁን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩ። ኦክታቭ ትእዛዙንና የስያሜ ፊደሎቹን የሚያውቀው በላቲን ነው። እኔ እዚህ በፊደላችን የምጽፍላችሁ እንድታነቡት ነው፤ «ኤም» ስል ኤም የምትባለውን አንዷን የላቲን ፊደል ትመታላችሁ። አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ እዚያ ግን ትልቁ ኤም እና ትንሹ ኤም ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። በትልቁ የሰየማችሁትን በትንሹ ብትጠሩት «አላውቀውም» ይላችኋል።

አሁን ጻፉ፦

17*23

ቆይ! ኢንተር አትጫኑ። መጀመሪያ ወረቀቱ። 17 ወደ 20 ይጠጋል፣ 23ም ወደ 20፤ 20 በ20፣ 400። ወረቀታችሁ ላይ 400 ጻፉ። አሁን ተጫኑ። «አንስ = 391» ይላል። አንስ «መልስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አጭር መጠሪያ ነው፤ ስም ያልሰጣችሁትን ውጤት ሁሉ ኦክታቭ እሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። 391 ከ400 ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ እንቀጥላለን። 4,000 ቢላችሁ ኖሮ አንድ ቁልፍ ሁለቴ ነክታችኋል ማለት ነበር።

እስካሁን ያየነው ካልኩሌተርም የሚሠራውን ነው። ኦክታቭ የሚለየው ሁሉን ነገር እንደ ሠንጠረዥ በማየቱ ነው። አንድ ቁጥር እንኳ ለእሱ አንድ ረድፍና አንድ አምድ ያለው ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡን ማትሪክስ እንለዋለን። እኔ መምህር ስለሆንኩ ምሳሌዬ ማርክ ነው። ሦስት ተማሪዎች አሉኝ፤ ለእያንዳንዳቸው ከ10 የታረመ ቴስት፣ ከ30 የታረመ ሚድ፣ ከ60 የታረመ ፋይናል። እንዲህ አስገባዋለሁ፦

ኤም = [8 24 45; 6 27 50; 9 18 39]

አማርኛ ሰዋስው ስንማር ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ተለይተው ነበር። ነጠላው ጎን ለጎን የተደረደሩ ነገሮችን ይለያል፤ ድርቡ አንዱን ሐሳብ ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል። እዚህም ነገሩ ያው ነው። በአንድ ረድፍ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ኮማ ወይም ባዶ ቦታ ይለያቸዋል፤ ሴሚኮለኗ ደግሞ «ይህ ረድፍ አበቃ፣ ወደ ታች ውረድ» ትላለች። ግን የኛን ፣ እና ፤ ብታስገቡ አይገባውም፤ ወዲያው ይጮኻል። ከቴሌግራም ገልብጣችሁ የለጠፋችሁት ትእዛዝ አልሠራ ሲል መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እነዚህንና የተጠማዘዙትን የጥቅስ ምልክቶች ነው።

ሁለተኛው ተማሪ በፋይናል ስንት አመጣ?

ኤም(2,3)

50። ረድፍ ይቀድማል፣ አምድ ይከተላል። ፓይተን የሞከራችሁ ካላችሁ ቆጠራው እዚያ ከ0 ይጀምራል፤ እዚህ ግን እንደኛው ከ1 ነው። የሁለተኛውን ተማሪ ረድፍ በሙሉ ከፈለጋችሁ በአምዱ ቦታ ሁለት ነጥብ ታደርጋላችሁ፦ ኤም(2,:)። «ያለውን ሁሉ» ማለት ነው።

መደመሪያው ትእዛዝ ሰም ይባላል። ሰም ስላልኩ ወርቁን አትፈልጉ፤ የእንግሊዝኛው «ድምር» ነው።

ሰም(ኤም)

23፣ 69፣ 134 ይላችኋል። ይህ ምንድን ነው? የቴስቱ አምድ ድምር፣ የሚዱ አምድ ድምር፣ የፋይናሉ አምድ ድምር። እኔ የፈለግሁት ግን የየተማሪውን ጠቅላላ ውጤት ነበር። ኦክታቭ ካልተነገረው በቀር ከላይ ወደ ታች ነው የሚደምረው። ወደ ጎን እንዲደምር ሰም(ኤም,2) እለዋለሁ፤ 77፣ 83 እና 66 ወደ ታች ተደርድረው ይመጣሉ። አማካይ የሚያወጣው ትእዛዝ ሚን ነው፤ ትንሹን ቁጥር የሚመርጠውም ሚን ነው፤ በፊደላችን አንድ ይመስላሉ። አማካዩ በላቲን አራት ፊደል፣ ትንሹ ሦስት ፊደል ነው። ስንቱ ተማሪ አማካይ ብሎ የክፍሉን ዝቅተኛ ማርክ እንዳመጣልኝ አልነግራችሁም።

ሴሚኮለኗ ሌላም ሥራ አላት። በትእዛዙ መጨረሻ ላይ ስትቀመጥ «ሥራው፣ ግን አታሳየኝ» ማለት ነው። ሦስት ተማሪ ሲሆን ግድ የለም፤ አሥር ሺህ ረድፍ ሲሆን ግን ያለሷ ስክሪኑ እንደ ጎርፍ ይሄዳል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፤ ነጥቧ።

ለአስቤዛ ወጣችሁ እንበል። 3 ኪሎ ሽንኩርት፣ 2 ኪሎ ቲማቲም፣ 5 ኪሎ ድንች። ዋጋው በኪሎ 80፣ 60 እና 45 ብር ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ፤ በጠቅላላው 600 ብር አካባቢ ይመስላል። እንዲህ ብትሉ፦

[3 2 5]*[80 60 45]

ኤረር ይመጣል። ብዙ ተማሪ ኤረር ሲያይ ሳያነብ ያጠፋዋል። አንብቡት። የመጀመሪያው 1×3፣ ሁለተኛውም 1×3 ስለሆነ አይጋጠሙም ይላል። ኮከቧ ብቻዋን ስትሆን የማትሪክስ ማባዣ ናት፤ የማትሪክስ ማባዛት ደግሞ ረድፍን ከአምድ ጋር እንጂ ረድፍን ከረድፍ ጋር አያገናኝም። ከኮከቧ በፊት አንዲት ነጥብ ጨምሩ፦

[3 2 5].*[80 60 45]

240፣ 120፣ 225። የሽንኩርቱ ለብቻ፣ የቲማቲሙ ለብቻ፣ የድንቹ ለብቻ። ነጥቧ «እያንዳንዱን ከአቻው ጋር» ማለት ነች። አሁን ደግሞ ነጥቧን አውጡና ዋጋዎቹን በሴሚኮለን ወደ ታች ደርድሯቸው፦

[3 2 5]*[80; 60; 45]

585። ባለሱቁ የሚጠይቃችሁ ጠቅላላ ሒሳብ ይህ ነው። አያችሁ፣ ማትሪክስ ማባዛት ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይደለም፤ ዘወትር ሱቅ በር ላይ ቆማችሁ በአእምሯችሁ የምትሠሩት ነው። እያባዙ መደመር፣ በቃ።

እዚህ ላይ ኦክታቭ ስለጮኸ ተረፍን። የሚያስፈራው ሳይጮህ ሲቀር ነው። አንድ ዓመት የማርኮቹን ስርጭት ለተማሪዎቼ ላሳይ ፈልጌ የየማርኩን ስኩዌር ማውጣት ነበረብኝ። ፕሮጀክተሩ ፊት ቆሜ፣ በሙሉ ልብ፣ ኤም^2 ብዬ ጻፍኩ። ወረቀት? ለመምህር ምን ያደርጋል! ውጤቱ በሥርዓቱ ተደርድሮ መጣ፣ ኤረር የሚባል ነገር የለም። ማብራሪያዬን ቀጠልኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አነሳች፦ «ቲቸር፣ ስምንት በስምንት 64 አይደለም እንዴ?» «ነው እንጂ» አልኳት። «ታዲያ ስክሪኑ 613 ነው የሚለው።»

613 ከየት መጣ? ሠንጠረዡ ሦስት በሦስት ነው፤ ረድፉና አምዱ እኩል ስለሆነ ኦክታቭ ማትሪክሱን በራሱ ማባዛት ይችላል። አባዛው። የመጀመሪያውን ረድፍ ከመጀመሪያው አምድ ጋር፦ 8 በ8፣ 24 በ6፣ 45 በ9፤ ማለትም 64፣ 144 እና 405፤ ድምሩ 613። ልክ ነው። እኔ የጻፍኩት እንጂ ያሰብኩት አልነበረም። ኤም.^2 ብል ኖሮ 64ን አገኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከወረቀቱ አልተለየሁም። ልጅቷ ወረቀት እንኳ አላስፈለጋትም፤ የማባዛት ሰንጠረዧን ታውቅ ነበር።

ወደ ሌላ ምልክት እንለፍ። ጎረቤታችሁ 2 ኪሎ ቡናና 3 ኪሎ ስኳር ገዝታ 1,260 ብር ከፈለች። ሌላዋ ከዚያው ሱቅ 1 ኪሎ ቡናና 4 ኪሎ ስኳር በ930 ብር ገዛች። የአንዱ ኪሎ ቡናና የአንዱ ኪሎ ስኳር ዋጋ ስንት ነው? በወረቀት እንደምትፈቱት አውቃለሁ፤ ፍቱትና መልሱን ያዙ። ለኦክታቭ እንዲህ እንነግረዋለን፦

ኤ = [2 3; 1 4]
ቢ = [1260; 930]
ኤ\ቢ

ያቺ ጀርባዋን ወደ ግራ የጣለችው ሰረዝ የግራ ማካፈያ ናት። ለመልመድ መጀመሪያ 2\10 ብላችሁ ሞክሩ፤ 5 ይላል። ከታች የሚገባው ሰረዟ የተደገፈችበት በግራ ያለው ነው። ቢ ላይ ሴሚኮለኗን ረስታችሁ ወደ ጎን ከጻፋችሁት አይጋጠሙም የሚለው ኤረር ይመለሳል። በትክክል ከጻፋችሁት 450 እና 120 ይወጣል። ቡናው 450፣ ስኳሩ 120። ኤ*[450; 120] ብላችሁ መልሳችሁ አባዙት፤ 1,260 እና 930 ካልመጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ሁለት ጎረቤት ቢሆን በእጅም ይሠራል። ሁለት መቶ እኩልታና ሁለት መቶ የማይታወቅ ቁጥር ቢሆንስ? ትእዛዙ ያችው አንድ መስመር ናት። መሐንዲሶች በዚህች ሰረዝ የሚምሉት ለዚህ ነው።

ግን ሁለተኛዋ ጎረቤት 4 ኪሎ ቡናና 6 ኪሎ ስኳር በ2,520 ብር ገዝታ ቢሆንስ? ሞክሩት፦

[2 3; 4 6]\[1260; 2520]

ማስጠንቀቂያ ይሰጣችኋል፤ ማትሪክሱ ሲንጉላር ነው ይላል። ከማስጠንቀቂያው በታች ግን መልስም ያስቀምጣል፤ 193.85 እና 290.77። ስኳር ከቡና ተወደደ! ብታባዙት እኮ 1,260 ይመጣል፤ ሒሳቡ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ጥያቄው ነው። ሁለተኛዋ ሴት የመጀመሪያዋን እጥፍ ስለገዛች ምንም አዲስ ነገር አልነገረችንም፤ ያለን አንድ መረጃ ነው፣ ለአንድ መረጃ የሚስማማ የዋጋ ጥንድ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ኦክታቭ ከእነዚህ መካከል ወደ ዜሮ በጣም የሚቀርበውን ጥንድ መርጦ ሰጠን። ገበያ የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን ሲያይ ይስቃል፤ ማስጠንቀቂያውን ዘሎ ሪፖርቱ ላይ የሚለጥፍ ግን አለ።

አሁን አንድ የሚያናድድ ነገር ላሳያችሁ። ሁለቱ እኩል ናቸው ወይ ብሎ መጠየቂያው ድርብ የእኩል ምልክት ነው።

0.1+0.2 == 0.3

እውነት ከሆነ 1፣ ሐሰት ከሆነ 0 ይመልሳል። 0 አለ! ልዩነቱን ጠይቁት፤ 0.1+0.2-0.3 በሉት። 5.5511 ይልና ኢ የምትባል ፊደልና -17 ያስከትላል፤ ኃይሉ -17 በሆነ 10 ተባዝቶ ማለት ነው። ከዜሮ ነጥብ በኋላ 16 ዜሮዎች፣ ከዚያ 5። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አንድ ሦስተኛን በአሥር ቤት ስትጽፉ 0.333 እያለ አያልቅም፤ አንድ ቦታ ላይ ትቆርጡታላችሁ። ኮምፒውተር በሁለት ቤት ስለሚቆጥር አንድ አሥረኛ በእሱ ዘንድ እንዲሁ አያልቅም፤ 64 ቢት ብቻ ስላለው ይቆርጠዋል። ቁራጩ ነው ልዩነት ሆኖ የታያችሁ። ስለዚህ ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች «እኩል ናቸው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ልዩነታቸው ከአንድ ቢሊዮንኛ ያንሳል ወይ?» በሉ።

ኦክታቭ ሥዕልም ይሥላል፤ ይህን ቶሎ እንለፈው፤ ስትነካኩት የሚያስተምር ነገር ነው። 1,000 ብር በዓመት 7 በመቶ ወለድ እየወለደ ለ20 ዓመት ቢቀመጥ እንዴት ያድጋል? በወረቀት ለመገመት 72ን ለ7 አካፍሉ፤ ወደ 10 ይጠጋል፤ ገንዘቡ በ10 ዓመት ገደማ ይታጠፋል፣ በ20 ዓመት እንደገና ይታጠፋል፤ 4,000 ብር አካባቢ።

ፕሎት(0:20, 1000*1.07.^(0:20))

0:20 ማለት ከ0 እስከ 20 በተርታ ማለት ነው። ኩርባው እየቀና ሲወጣ ታያላችሁ፤ መጨረሻው 3,869.7 ነው። ነጥቧን ረስታችሁ ^ ብቻ ብትጽፉ ኦክታቭ ይጮኻል፤ በዚህኛው ኤረር ላይ ግን ደግ ነው፤ ለእያንዳንዱ ከሆነ የፈለጋችሁት ባለነጥቧን ተጠቀሙ ብሎ ራሱ ይነግራችኋል።

መብራት ከመሄዱ በፊት ደግሞ ይህን እወቁ። በትእዛዝ መስኮቱ ስም ሰጥታችሁ ያስቀመጣችኋቸው ቁጥሮች ፕሮግራሙ ሲዘጋ ይጠፋሉ። ከአንድ ቀን በላይ የምትፈልጉትን ሥራ ኤዲተር በሚለው መስኮት ጻፉና ሴቭ አድርጉ፤ ከፋይሉ ስም በኋላ ነጥብና ኤም የምትባለው ፊደል ትከተላለች። ስሙ ውስጥ ባዶ ቦታ አይግባ፣ በቁጥርም አይጀምር። ፋይሉን ሰም ብላችሁ አትሰይሙት፤ ከዚያ በኋላ ልትደምሩ ሰም ስትሉ የሚመጣው የናንተው ፋይል ይሆናል። ከ% በኋላ ያለውን ኦክታቭ አያነበውም፤ እዚያ በአማርኛ ለራሳችሁ ማስታወሻ ጻፉ። ከወር በኋላ «ይህን ለምን ጻፍኩት?» የሚለው ሰው እናንተው ናችሁ።

የቤት ሥራ። ሦስት ጎረቤቶች ቡና፣ ስኳርና ዘይት ገዙ። አንደኛዋ 2፣ 3 እና 1፤ ሁለተኛዋ 1፣ 4 እና 2፤ ሦስተኛዋ 3፣ 7 እና 3። የከፈሉትን ብር ራሳችሁ ምረጡ፤ የሦስቱንም ዋጋ በግራ ማካፈያዋ አውጡ። ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት ግን ሦስተኛውን ረድፍ ደጋግማችሁ እዩትና፣ ምን እንደሚላችሁ ወረቀታችሁ ላይ ጽፋችሁ አምጡልኝ።